ጠባቂሽ ዝም ትበል፣ ድልድዩ ያውራ

ጠጋ በይ እስቲ፣ ፀሐዩ ስክሪንሽ ላይ እየመታ ምንም አይታየኝም። የሐይፋው ባቡር እስኪደርስ እዚሁ አፉላ ጣቢያ ወንበር ላይ ነን፤ እኔም በትከሻሽ በኩል አጮልቄ ማንበቤን አልተውም። ታላቅ መሆን ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

እና ይቺ የድልድይ ጠባቂ ናት የምትሠሪው ጨዋታ ጀግና? አለባበሷን ወድጄዋለሁ። ግን እንዳትቀየሚኝ። ተጫዋቹ ገና «ጀምር» የሚለውን ከመንካቱ ልጅነቷን፣ የአባቷን ሞት፣ የተሰደደችበትን ሌሊት፣ ሰው የማታምንበትን ምክንያት፣ ሁሉንም ትዘረግፍለታለች። አንዱ ጽሑፍ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። ሰው እንኳን በጨዋታ፣ ለቅሶ ቤትም ተቀምጦ ይህን ያህል አይሰማም። የተጫዋቹ ጣት «እለፍ» የሚለው ላይ ነው የሚያርፈው። የሚያናድደኝ ደግሞ ታሪኩ ጥሩ መሆኑ ነው። ጥሩ ታሪክ ማንም ሳይጠይቅ ሲነገር ይባክናል።

ምክሬ አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያው ነው። ጠባቂሽ ስለ ራሷ አታውራ፤ ያለፈችባቸው ቦታዎች ያውሩላት። ቦታ የሚያወራው ደግሞ ሰው እዚያ ያደረገውን እንጂ እዚያ የተሰማውን አይደለም። «እዚህ አዘነች» የሚል ክፍል መሥራት አትችይም። ከሦስት አልጋ ሁለቱን አሳምራ አንጥፋ፣ የራሷን እንደተተራመሰ ትታ የወጣችበትን ክፍል ግን መሥራት ትችያለሽ። ተጫዋቹ በሩ ላይ ቆሞ «ሁለቱ እነማን ነበሩ? ለማን ነው ያነጠፈችው?» ብሎ ይጠይቃል። ሐዘኑን ራሱ ያመጣዋል።

ኤልደን ሪንግን ጨርሰሽዋል፤ የአዝራሮቹን ጠቅታ እየሰማሁ ያደርኩት እኔ ነኝ። ንግሥት ማሪካን አስቢያት። በ2022 በወጣው ዋናው ጨዋታ አምላክ ናት። ሐውልቷ በየፈረሰው ቤተ ጸሎት ቆሟል። እሷ ራሷ ግን ቁጭ ብላ ታሪኳን አትነግርሽም። በየፍርስራሹ ንግሥቲቱ እዚያ የተናገረችውን እያስታወሰች የምትነግርሽ አብራሽ የምትጓዘው ሜሊና ናት፤ እሱም ቢሆን የገዥ ንግግር ነው፣ ልጅነት የለበትም። ስለዚህ ስንት ሰዓት ሙሉ ስትፈሪያትና ስትጠያት ትቆያለሽ።

ከዚያ በ2024 ተጨማሪው ክፍል፣ ሻዶው ኦቭ ዘ ኤርድትሪ መጣ። ቦኒ የምትባል መንደር ትደርሻለሽ፤ ሰው ተቆራርጦ ማሰሮ ውስጥ ይታጨቅባት የነበረች መንደር ናት። እዚያ «እናት ሆይ» የምትባል የሰውነት እንቅስቃሴ ምልክት ታገኛለሽ፤ ለጊዜው ምን እንደምትሠራልሽ አታውቂም። ኋላ በጥላው ምሽግ ውስጥ፣ በማሪካ ሐውልት ፊት ቆመሽ ያችን ምልክት ስታሳዪ የተሰወረ መንገድ ይከፈታል። መንገዱ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ይወስድሻል። መንደሩ ውስጥ የሚያጠቃሽ የለም። አበባና ባዶ ቤት ነው።

ሁለት ነገር ታነሻለሽ። አንደኛው ተቆርጦ የተቀመጠ የወርቅማ ጸጉር ጉንጉን ነው፤ ማሪካ ለአያቲቱ ያቀረበችው መባ። ሁለተኛው ፈውስ የሚሰጥ ጸሎት ነው፤ የሚፈወስ ሰው እንዳልቀረ እያወቀች ቀዬዋን በወርቅ ብርሃን ያለበሰችበት። ልብ በይ፣ ሁለቱም ድርጊት ናቸው። ጸጉሯን ቆረጠች፤ ባዶ መንደር ፈወሰች። ማሰሮዎቹን አስቀድመሽ ስላየሽ መንደሩ ለምን ጭር እንዳለ አስረጂ አያስፈልግሽም። ኋላ ያወጀችው ጦርነት ከየት እንደመጣ እዚያው ቆመሽ ይገባሻል። «ይቅር በያት» የሚልሽ ግን የለም፤ ፍርዱ ያንቺ ነው።

ከዚህ ለራስሽ ሥራ የምትወስጂው ብልሃት ይሄ ነው፦ ቁልፉን ከበሩ አጠገብ አታስቀምጪ። የማሪካ ቀዬ ቁልፍ የተገኘው ወገኖቿ በታረዱበት መንደር ነው። ቁልፉ የሚገኝበት ቦታ የታሪኩ ግማሽ ከሆነ፣ በሩ ሲከፈት ተጫዋቹ ግማሹን ይዞ ይገባል። ደግሞም ይህን መንደር ሳያይ ጨዋታውን የሚጨርስ ሰው አለ፤ ምንም አይጎድልበትም። አለቃውን ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን ነገር አትሰውሪ። የሚሰወረው ትርጉሙ ነው እንጂ መንገዱ አይደለም።

የዚህ ጨዋታ ዋና አዘጋጅ ሂዴታካ ሚያዛኪ፣ በልጅነቱ በደንብ በማይገባው እንግሊዝኛ የተጻፉ የተረት መጻሕፍት እያነበበ፣ ያልገባውን ክፍል በራሱ ምናብ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል። አንቺም እኮ እንደዚያው ነሽ። ትልልቆቹ ቡና ላይ የሚያወሩትን አማርኛ ግማሹን እየሰማሽ፣ ግማሹን እየገመትሽ ነው ያደግሽው። ያልተነገረውን ለመሙላት የሚታትር አእምሮ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ለተጫዋችሽም ያንኑ ሥራ ስጪው።

አሁን ኮምፒውተሩን ለአፍታ ተይውና ቀና በይ። ያ በስተምሥራቅ ያለው የሞሬ ኮረብታ ነው፤ ግማሹ ዘመዳችን የሚኖርበት። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋው ጊልቦዓ ነው። የዚህ ባቡር መስመር በዚያ በኩል መጨረሻው ቤት ሸአን ነው፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤትሳን የሚለው። አንድ ሰው በእነዚህ ሦስት ቦታዎች መሃል አልቋል፤ እሱም ንጉሥ ሳኦል ነው።

መጽሐፈ ሳሙኤልን እንደ ጨዋታ ካርታ አንብቢው። ፍልስጥኤማውያን ሱነም ላይ ሰፍረዋል፤ ይኸው ኮረብታው ሥር፣ ለእኛ በሚቀርበው በኩል። ሳኦል ጊልቦዓ ላይ ነው። መናፍስት ጠሪዎችን ከአገር ያባረረው እሱ ራሱ ነበር። ከውጊያው በፊት በነበረችው ሌሊት ግን ልብሱን ለውጦ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር፣ ዓይንዶር ያለችውን መናፍስት ጠሪ ፍለጋ ሄደ። ዓይንዶር ደግሞ ከኮረብታው ማዶ ናት። መጽሐፉ እንደፈራ ይነግረናል፤ ምን ያህል እንደፈራ የሚነግርሽ ግን መሬቱ ነው። ከጊልቦዓ ተነስቶ ዓይንዶር ለመድረስ የጠላትን ሰፈር በጨለማ ዞሮ ማለፍ ነበረበት። ይህን ያህል አደጋ የተጋፈጠው ራሱ የከለከለውን ነገር ለመጠየቅ ነው። ይህ በቃል አልተጻፈም። እዚህ ቆሞ ኮረብታውን ያየ ሰው ግን ያነበዋል።

ተመልከቺ እንግዲህ፣ «ንጉሡ ተስፋ ቆርጦ ነበር» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ሦስት ነጥብ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ምን እንደሚያደርግ። ያንቺ ጠባቂ «ጦረኞችን እጠላለሁ» ትላለች፤ አሥር ጊዜ ትለዋለች። አንድ ጊዜም አትበለው። ቤቷን ከወታደሮቹ ሰፈር ማዶ አድርጊውና ወደ ገበያ ስትሄድ ረጅሙን፣ ገደላማውን መንገድ ትያዝ። ተጫዋቹ ሲከተላት አጭሩ መንገድ የት እንዳለና ማን እንደቆመበት ያያል።

የሳኦል ነገር ገና አላለቀም። በውጊያው ከሞተ በኋላ ፍልስጥኤማውያን ሬሳውን ቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቀሉት። በዚህን ጊዜ ከዮርዳኖስ ማዶ የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው መጡ፣ ሬሳውንም አውርደው ወሰዱ። ለተሸነፈ ንጉሥ ነፍሱን የሚሰጥ ማነው? መልሱ ያለው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ናዖስ የሚባል አሞናዊ የኢያቢስን ሰዎች ሁሉ ቀኝ ዓይን ካላወጣሁ ብሎ ነበር። ያኔ ከእርሻ፣ በሬዎቹን ተከትሎ የመጣው ወጣት ሳኦል ሕዝቡን ጠርቶ አዳናቸው። የንግሥናው መጀመሪያ ይሄ ነው።

ይህን ጨዋታ አድርገሽ ብትሠሪው ከበሬዎቹ አትጀምሪ። መጀመሪያ ተጫዋቹ ቅጥሩ ሥር ይድረስ፤ የማያውቃቸው ሰዎች በጨለማ የሰው ሬሳ ሲያወርዱ ይይ። ከወንዙ ማዶ ከተማቸውን ሲያገኝ ደግሞ በየደጁ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ቀኝ ዓይናቸው ደህና ነው። ናዖስ ምን ብሎ እንደዛተ የሚገልጽ አንድ ደብዳቤ በአቅራቢያው አስቀምጪ። በቃ። የንጉሡን ደግ ዘመን ማንም ሳይተርክ በሰዎች ፊት ላይ አነበበው። ሰው ጥሎት የሄደው ነገር ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ውለታም አለ፣ ቂምም አለ። ጠባቂሽ አንድ መንደር ስትገባ ባለሱቋ ሒሳብ አልቀበልም ትበላት፤ በሚቀጥለው መንደር ደግሞ በር ይዘጋባት። ሁለቱም ዝም ብለው።

ሁለት ቦታ እርስ በርሱ ሲጣረስ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። የጎንደሯን እቴጌ ምንትዋብን ውሰጃት። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ እሷ ያሠራችው ናርጋ ሥላሴ አለ፤ ሥዕሉ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። እሱን ብቻ ያየ ሰው ትሑት ምእመን ናት ብሎ ይሄዳል። ጎንደር መጥቶ ቁስቋምን ሲያይ ግን ግራ ይገባዋል። ከፋሲል ግቢ ወጥታ፣ ኮረብታ ላይ፣ የራሷን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያቆመች ሴት ናት። ለልጇ ለዳግማዊ ኢያሱ፣ ኋላም ለልጅ ልጇ ለኢዮአስ ዙፋኑን ይዛ ኖራለች። ኢዮአስ በ1769 ሲገደል ቁስቋም የሥልጣኗ መቀመጫ መሆኑ ቀርቶ የሐዘኗ ቤት ሆነ። በ1773 እስክትሞት በሐዘን እዚያው ኖረች። አንዱ ቦታ ውሸት፣ ሌላው እውነት አይደለም፤ ሁለቱም እሷ ናቸው። ያንቺ ጠባቂ ግን በየቦታው አንድ ዓይነት ናት፦ የተጎዳች። አንድ ቦታ ላይ ጎጂም ሁና ትገኝ። ሰው እንድትሆን ከፈለግሽ ማለቴ ነው።

ሌላ የማልወድልሽ ነገር፣ ዓለሙ ሁሉ ለእሷ ብቻ የተሠራ መምሰሉ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ስለ እሷ ያለቅሳል። ኧረ ተይ! ቦታ ከጀግናሽ በፊት የራሱ ጉዳይ ነበረው። ይሄን የተቀመጥንበትን መስመር እዪው። የመጀመሪያውን ሐዲድ የዘረጉት ኦቶማኖች ናቸው፤ በ1905 ሐይፋን ከደርዓ አገናኝቶ ከሒጃዙ ባቡር ጋር ገጠመ። የሐዲዱ ስፋት 1.05 ሜትር ነበር። ኋላ ከአፉላ ወደ ጄኒን ቅርንጫፍ ወጣ። ለዚህ መገናኛነቷ ነው በመስከረም 1918 የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር ፈጥኖ የያዛት። በ1946 ያርሙክ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ ሲፈነዳ ወደ ሶርያ የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ መስመሩ ሞተ። ዛሬ የምንሳፈርበት በጥቅምት 2016 የተከፈተ አዲስ ሐዲድ ነው፤ ስፋቱ 1.435 ሜትር። የሚገርምሽ፣ አዲስ አበባን ከጅቡቲ የሚያገናኘው አዲሱ ባቡርም የተመረቀው በዚያው ወር ነው፤ እሱም በ1917 አዲስ አበባ የገባውን የ1 ሜትር ሐዲድ ተክቶ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርሽ፣ እንዳታምታቺው።

ይህን የምዘረዝርልሽ ለፈተና አይደለም። ስለ ሐዲድ ስፋት የሚያውቅ ሰው አሮጌ ድልድይ ሲያይ አዲሱ ባቡር እንደማያልፍበት ወዲያው ይገባዋል። አሁን ወደ ድልድይሽ ተመለሺ። ጠባቂሽ የምትጠብቀው ድልድይ ላይ የጠባብ ጋሪ ጎማ የቦረቦረው ሁለት መስመር አድርጊ። ከዚያ በአገሩ ያሉትን ጋሪዎች ሁሉ ሰፋፊ አድርጊያቸው፤ በሩቅ ባለው አዲስ ድልድይ ሲያልፉ ይታዩ። ተጫዋቹ ቆም ይላል፤ ይቺ ሴት ጋሪ የማያልፍበትን ድልድይ ለምን ትጠብቃለች? ማን እስኪመጣ? አንድም ቃል ሳትተነፍስ የዕድሜዋን ትልቁን ጥያቄ ጠየቅሽለት። ድልድዩ ደግሞ የተሠራው ለንግድ ነው፣ ለእሷ አይደለም። ለዚህ ነው የሚታመነው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያለው በረሃ፣ በሌሊት የሚጓዙት ሰዎች፣ ከመንገዱ ዳር የቀረው ትንሽ መቃብር፣ የእማ ነው አይደል? ወደ እስራኤል ለመምጣት ከአምቦበር እስከ ሱዳን ስለሄዱት መንገድ ስትጠየቅ መልሷ «ሆድ ይፍጀው» ነው። እኛ የምናውቀው በግማሽ የተቋረጠ ዓረፍተ ነገር ነው። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ይህ ያንቺም ታሪክ ነው፣ አትንኪው አልልሽም። ግን ሳትጠይቂያት እንዳታወጪው። እማ ዝም ያለችው ተጫዋች እንዲፈታው ብላ አይደለም። ቡና አፍልተሽ አጠገቧ ቁጭ በይና ጨዋታውን አሳያት፤ «ይሄን ላስገባ ወይስ ልተው?» በያት። ተይው ካለችሽ ትተይዋለሽ፤ ምክንያቷንም አትጠይቂያትም። እሺ ካለችሽ ደግሞ መቃብሩ አጠገብ የሚያብለጨልጭ ሽልማት አታስቀምጪ። «ምስጢር አገኘህ» የሚል ድምፅም አይጩህ። ሰው አልፎት ቢሄድ ይለፈው፤ ቆሞ ያየው ይየው።

ከእሷ ታሪክ ቅርጹን መውሰድ ግን ማንም አይከለክልሽም። በቀን መደበቅ፣ በሌሊት መሄድ፤ እሳት ሳያነዱ ማደር፤ ሲነሱ ምንም ምልክት አለመተው። እነዚህን ለጠባቂሽ ስጫት። ስንቅ የምታስቀምጥባቸው ቦታዎች ሁሉ ከመንገድ የማይታዩ ይሁኑ። ምድጃዋ አመድ አይኑረው። ተጫዋቹ ቤቷን ሲበረብር ሁሉም ነገር በአንድ ጆንያ ሊታሰር እንደሚችል ይይ፤ በድልድዩ ላይ ሃያ ዓመት ኖራ ገና እንዳልተቀመጠች ያኔ ይረዳል።

እሺ፣ ሥራው ይሄ ነው። ያንን የመግቢያ ንግግር አታጥፊው፤ ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጪው፣ ለአንቺ ያስፈልግሻል። ታሪኳን አንቺ ካላወቅሽው ዕቃው በዘፈቀደ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ከንግግሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ምረጪ። ለእያንዳንዱ አንድ ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ እሷ እዚያ ያደረገችውን አንድ ነገር። አንዱ ከወሬዋ ጋር ይጋጭ። አንዱ ሌላ ሰው ለእሷ የሚያደርገው ይሁን። አንዱን ደግሞ ዳር አውጥተሽ ሰውሪው፤ ፍንጩን ግን ቀድሞ በሚያልፍበት ቦታ አስቀምጪለት።

ሲያልቅ ታሪኩን ለማታውቅ ጓደኛሽ ስጫት። አጠገቧ ተቀመጪ፤ አፍሽን ግን ያዢ። «እዚያ ጋ እዪ» ማለት የለም፣ በዓይን መጠቆምም የለም። ስትጨርስ «ይቺ ሴት ምን ያደረገች ይመስልሻል?» ብለሽ ጠይቂያት። መልሷ አንቺ ካሰብሽው ቢለይም ካየችው ነገር ጋር ከተስማማ አትከራከሪያት፤ እንዲያውም ያንቺን ሊበልጥ ይችላል። ምንም ካልገባት ግን ለጠባቂሽ ንግግር አትጨምሪላት። ዕቃውን አንስተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪው፣ እንደገናም ስጫት።